የእንግሊዙ ቤት ሚስማሮች

ቤታችንን እንግሊዝ እንደሠራው እኔ የማውቀው በግንባሬ ነው። ከበሩ በላይ የተጋደመው ወፍራም እንጨት ስገባ አንዴ፣ ስወጣ አንዴ ይለኛል። እንግሊዝ ረጅም ነው ሲባል ነው የምሰማው። ታዲያ ያንን በር ለማን ነው የሠራው? ለዶሮዎቹ? አባዬን ስጠይቀው «ጎንበስ ብለህ ግባ፣ ማን ቀና በል አለህ?» ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ በሩ በእሱ ቁመት ተለክቶ የተሠራ ይመስል ኮፍያውን እንኳን ሳይነካው ነው የሚያልፈው።

ቤቱ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ መንገዱ አልቆ የእንጦጦ ዳገት የሚጀምርበት ቦታ ላይ ነው። በንጉሡ ጊዜ አንድ እንግሊዝ እዛ ላም ያረባ ነበር። አባቱ ሀገሩ ላይ ገበሬ ነበር አሉ። ሰውየው የአባቱ ቤት ናፈቀውና ከእንጦጦ ጥድ አስቆርጦ፣ አስጠርቦ፣ የዛን የጥንት የእንግሊዝ ገበሬ ቤት ቁጭ አደረገው። ሰው ሀገሩ ሲናፍቀው ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይሄኛው ፎቅ ሠራ። አብዮቱ ሲመጣ ሰውየው ሄደ፣ ላሞቹ የት እንደገቡ አይታወቅም፣ ቤቱ የመንግሥት ሆነ። ቀበሌው ፎቁን ለእኛ ሰጠ፣ ምድር ቤቱን ለእማማ። እማማ የምንላቸው ለእንግሊዙ ላም ያልቡ የነበሩ አሮጊት ናቸው። ሰውየው ላሞቹን በእንግሊዝኛ ይሰድባቸው ነበር፣ ላሞቹም ገብቷቸው ያኮርፉ ነበር ብለው ይምላሉ። ስለዚህ እማማ የሚሉትን ነገር ሰፈሩ ውስጥ የሚያምን ሰው የለም። ይሄን ያዙልኝ።

ቤቱን ላላየ ሰው እንዴት ብዬ እንደማስረዳው አላውቅም። በኛ ሀገር ቤት ሲሠራ ግድግዳው ይቆማል፣ ይማገራል፣ ከዛ ጭቃ ይለብሳል፤ ከዛ ወዲያ እንጨቱ የሚታየው ቤቱ የፈረሰ ቀን ነው። የእንግሊዙ ቤት ግን አጥንቱ ውጪ ነው። ጥቁር ቋሚ፣ ጥቁር አግዳሚ፣ ማዕዘኑ ላይ ደግሞ እንደ ጉልበት የታጠፈ ቆልማማ እንጨት፣ ሁሉም ሜዳ ላይ ነው። ነጭ ልስን ያለው በመሃል በመሃሉ ብቻ ነው። ከሩቅ ስታየው የሜዳ አህያ ዳገት አድክሟት ቁጭ ያለች ይመስልሃል። ፎቁ ደግሞ ከምድር ቤቱ ይበልጣል፤ ክንድ ያህል ወደ ውጪ ወጣ ብሏል፣ እንደ ቦርጭ። ዝናብ ሲመጣ መንገደኛው ሁሉ ቦርጩ ሥር ይጠለላል። ክዳኑ ሸክላ ነው። ጭስ ማውጫው ከቤቱ መሃል ነው የሚወጣው፤ ሥሩ ያለው የእሳት ቦታ ወይፈን ያስቆማል፣ እማማ አልጋቸውን የዘረጉት እዛ ውስጥ ነው። ወለሉ ዘሟል። እማዬ ድንች ስትልጥ አንዱ ካመለጣት ደረጃውን ወርዶ እማማ ዘንድ ነው የሚገኘው፣ እማማ ደግሞ አይመልሱም። ሰው በዛ ብሎ አንድ ጥግ ላይ ከቆመ ወለሉ እንደሚታረድ ነገር ይጮሃል። ከገባን ጀምሮ ይጮሃል፣ ወድቆ ግን አያውቅም። ለምደነዋል።

አሁን ጣጣው ምንድን ነው፣ አባዬ ጭቃ መራጊ ነው። ከየካ እስከ ላምበረት እሱ ያልመረገው ግድግዳ ካለ የድንጋይ ነው። ቤቱን የሰጡን ቀን ራቅ ብሎ ቆመና ከላይ እስከ ታች አየው።

«ይሄ ሰውዬ ሳይጨርሰው ነው እንዴ የሄደው?» አለ።

አባዬ ዘንድ እንጨቱ የሚታይ ቤት ያላለቀ ቤት ነው፣ በቃ። ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ደግሞ እያለፉ «የመራጊው ቤት አልተመረገም!» እያሉ ይስቁበታል። ጀርባቸው ላይ ያን ሁሉ ሸክም ይዘው እንዴት እንደሚስቁ እግዜር ይወቅ፣ ግን ይስቃሉ። አባዬ ይሄን መቻል አልቻለም። ስለዚህ የእንግሊዙን ቤት ከነጥቁር እንጨቱ በጭቃ መረገው።

እንጨቱ ቅጥራን የተቀባ ነው። ቅጥራን ላይ ጭቃ ይያዛል? አይያዝም። ክረምት በገባ ቁጥር ጭቃው እየተላጠ ይወርዳል፣ መስከረም በጠባ ቁጥር አባዬ እንደገና ይመርጋል። ስድስት ዓመት! ጭቃውን የሚረግጠው ማነው? እኔ ነኛ። ሱሪዬን ሰብስቤ፣ ከጭዱ ጋር ሳምንት ሙሉ እረግጠዋለሁ፣ ይቦካል፣ ይሸታል፤ እኔም አብሬው እሸታለሁ። ያኔ ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ጓደኞቼ ሴት ልጅ አጠገብ ሲቆሙ እኔ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ አይቼ ነው የምቆመው። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ ወድቄ ትምህርት ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ አልክድም። ግን አምስት ዓመት ያልያዘ ጭቃ በስድስተኛው እንደማይዝ ለማወቅ ዘጠነኛ መድረስ አያስፈልግም።

«ዘንድሮ ይይዛል፣» ይላል አባዬ።

«አምናም ይይዛል ብለህ ነበር።»

«አምና የገብስ ጭድ ነበር። ዘንድሮ የጤፍ ነው።»

«ካቻምናስ?»

«ካቻምና አንተ በደንብ አልረገጥክም።»

እንዲህ ነው እንግዲህ። ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ እኔ እግር ላይ ነው።

በዛ ዓመት ሚስማር ከከተማው ጠፋ። ቀበሌው መሰብሰቢያ አዳራሽ ይሠራ ነበር፤ እንጨቱ ቆሟል፣ ቆርቆሮው ተከምሯል፣ የሚመታበት ሚስማር ግን የለም። ሊቀመንበሩ ብልሃት አገኘ። ካኪ ያልሆነ ልብስ ለብሶ አያውቅም፤ ጨርቅ ኮፍያውን ሲተኛም የሚያወልቀው አይመስለኝም። በስብሰባ ተነሳና «እያንዳንዱ የቀበሌ ቤት ትርፍ ሚስማሩን ለአዳራሹ ያዋጣል!» አለ። ትርፍ ሚስማር ምን ማለት እንደሆነ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሁላችንም አጨበጨብን፣ ያኔ እጃችን ከጆሯችን ይቀድም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ ጭቃ ውስጥ ቆሜያለሁ። ሊቀመንበሩ አንድ ጉጠት የያዘ አናጺ አስከትሎ መጣ። አባዬ የዓመቱን ምርጊት ጨርሶ ከፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ በመዳፉ እየዳበሰ ያለሰልሰዋል።

«ጓድ ሽማግሌ፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ሚስማር ለማዋጣት ዝግጁ ነዎት?»

«እኔ ምን ሚስማር አለኝ፣ የጭቃ ሰው ነኝ። ቤቱን ፈልጉ፣» አለ አባዬ።

ባለ ጉጠቱ ዞረ። መስኮቱን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ወለሉን በጉልበቱ ተንበርክኮ አየ፣ ክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ አየ። የበሩ ማጠፊያ ላይ ከነበሩት ብሎኖች በስተቀር ምንም የለም። ፊቱ እየተለወጠ መጣ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ሚስማር የለውም።»

«ትርፍ የለውም ነው?»

«ኧረ ዋናውም የለውም! ጭራሽ የለውም! ቤቱ ሙሉ አንድ ሚስማር የለም!»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። ከቦርጩ ሥር ገብቶ ግድግዳውን በጡጫው መታ አደረገ፣ «እና ይሄን የሚያክል ፎቅ በጸሎት ነው የቆመው?» አለ። መምታት አልነበረበትም። የአባዬ ምርጊት፣ የዘንድሮው፣ የጤፍ ጭድ ያለው፣ ከላይ እንደ ብርድ ልብስ ተገፎ ኮፍያው ላይ አረፈ። ኮፍያው ላይ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንገቱ ውስጥ ገባ፣ ኪሱ ውስጥ ገባ። እኔ ሳቄን ለማፈን ጎንበስ ብዬ እግሬን አየሁ። ባለ ጉጠቱ ግን ሳቁን አልያዘም፣ ሊቀመንበሩ ዞር ሲል ነው ወደ ሳል የለወጠው።

ሊቀመንበሩ ዓይኑን ጠርጎ ቀና ሲል ጭቃው የለቀቀው ጥቁር እንጨት ፊቱ ተደቅኗል። ቋሚውና አግዳሚው የሚገናኙበት ቦታ ነው። እዛ ላይ ሁለት ክብ የእንጨት ጫፍ ይታያል፣ ጣት የሚያክል ውፍረት ያለው፣ ቀዳዳ ውስጥ የተሰካ። ከጎኑ በመሮ የተቆረጠ ጭረት አለ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

ከዛ ቀስ ብሎ ወደ አባዬ ዞረ። እርስዎ ማለቱን ያቆመው እዚህ ላይ ነው።

«አንተ ሽማግሌ። ሚስማሩን ነቅለህ ቀዳዳውን በእንጨት ወትፈኸዋል።»

«ምን?»

«ይሄ ውታፍ ምንድን ነው ታዲያ? ይሄ ጭረትስ? አራት ነቅለሃል፣ አራት ጭረሃል! ሂሳብ ትይዛለህ!» ጭቃው እየተንጠባጠበ በግድግዳው ርዝመት ሄደ፤ ጡጫውን ባሳረፈበት ሁሉ ጭቃ ይወርዳል፣ ከሥሩ ውታፍ ይወጣል፣ ጭረት ይወጣል። «እዚህም! እዚህም! እኔ ደግሞ ይሄ ሰውዬ በየዓመቱ ቤቱን የሚመርገው ለምንድን ነው እያልኩ! ሌብነቱን ሊሸፍን ነው!»

እውነቴን ነው የምለው፣ ለአንድ አፍታ እኔም አመንኩት። ጭቃ የማይዝ ቤት ስድስት ዓመት የሚመርግ ሰው ወይ እብድ ነው ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። አባዬን አየሁት። አፉን ከፍቶ ቆሟል። ሌባ አይመስልም። እብድ ነው።

ላይ ወጥተው ደግሞ የአባዬን ካፖርት አገኙ። ካፖርቱ የተንጠለጠለው ባለ ጉጠቱ ቅድም ባላየው ሚስማር ላይ ነው። አባዬ ራሱ የመታው፣ በቤቱ ያለ ብቸኛ ሚስማር።

«አንዷን አስቀርቷል፣» አለ ባለ ጉጠቱ።

«ለመታሰቢያ፣» አለ ሊቀመንበሩ።

ፍርዱን ደረጃው ላይ ቆሞ ተናገረ። እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ሚስማሮቹን የሸጠለትን ሰው ካልተናገረ አባዬ ሸንጎ ይቀርባል፣ እኛም ቤቱን እንለቃለን። እማዬ አልጮኸችም። ድንቹን ልጣ ጨረሰችና ሳህኖቹን በጋዜጣ መጠቅለል ጀመረች።

ያ ሳምንት አይነሳ። ሰፈሩ አባዬን የሚስማር ሌባ አደረገው። አንዱ በጆንያ ሲያወጣ አይቼዋለሁ አለ፣ አንዱ ጭቃው ውስጥ ከትቶ የሰው ቤት ይመርግበታል አለ፣ አንዱ ደግሞ ሲያስለው ይንቃጨላል አለ። አባዬ ሥራ መሄድ አቆመ። በሰው ቤት ሲሠራ የተረፈውን ጭድ እንኳን መልሶ የሚሰጥ ሰው ነው፤ እና ፎቁ ላይ እግሩን ዘርግቶ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳ አየ። የተናገረው አንዴ ብቻ ነው፣ «እኔ መቼም ይሄን ቤት ወድጄው አላውቅም» አለ። እኔ ንዴቱ አላስቀመጠኝም። በሊቀመንበሩ ተናደድኩ፣ በሰፈሩ ተናደድኩ፣ በእንግሊዙ ተናደድኩ። አንድ ኪሎ ሚስማር መግዛት አቅቶት ነው?

ረቡዕ ዕለት እማማ ታች ሆነው ጠሩኝ።

«ሚስማር ያልገባበት ቤት ነው አልኳችሁ እኮ፣» አሉ። «ገና ስትገቡ ነግሬያችኋለሁ።»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ ላሞቹ እንግሊዝኛ ይሰማሉ ብለዋል።»

«ይሰሙ ነበራ! እሱና ይሄ ምን አገናኘው?» ተቆጡ። «ስማ፣ ሰውየው እንጨቱን ሁሉ እዛ ሜዳ ላይ አጋድሞ ነው የገጣጠመው። መሬት ላይ፣ እንደ ተሰጣ ልብስ። ከዛ በመሮ ቁጥር ቆረጠበት፣ እንደገና በታተነው። እኛ አበደ ብለን ነበር። ከዛ አንድ ጠዋት ሰው ሰበሰበ፣ በሬ አመጣ፣ በገመድ ተጎተተ፣ ማታ ቤት ሆኖ አደረ። ቁጥሩ ባይኖር የፎቁን ጓዳ፣ የጓዳውን ፎቅ እናደርገው አልነበር?»

ወጣሁ። ጭቃ የለቀቀውን ማዕዘን አየሁ። ቋሚው ላይ አራት ጭረት አለ። እሱን አይተናል። አግዳሚውን ዝቅ ብዬ ሳየው እሱም ላይ አራት ጭረት አለ። ቀጣዩ ማዕዘን ሄድኩና ጭቃውን በጥፍሬ ፋቅሁት። ቋሚው ላይ አምስት፣ አግዳሚው ላይ አምስት። ሦስተኛው ላይ ስድስት፣ ስድስት። እየሮጥኩ ነው የምፍቀው። ጭረቱ ሁለት ሁለት ነው! የትኛው ሌባ ነው አንድ ሚስማር ሰርቆ ሁለት ቦታ የሚጽፈው? ይሄ የሌባ ሂሳብ አይደለም፣ ይሄኛው እንጨት የዛኛው ጓደኛ ነው ማለት ነው። ስምንተኛ ክፍል ሁለቴ የጣለኝ የሂሳብ መምህር አጠገቤ ቢኖር አንገቱን አንቄ አሳየው ነበር።

በደስታ ስሮጥ በሩ ግንባሬን አለኝ። ግድ አልነበረኝም።

«አባዬ! ተነስ! ሚስማር ኖሮት አያውቅም!»

«ተወኝ።»

«እንጨቱ ቁጥር አለው እኮ ነው የምልህ፣ ተነስ!»

እየተነጫነጨ ወረደ። አሳየሁት። መጀመሪያ አላመነም፣ እኔን ማመን ልማዱ አይደለም። ከዛ ቢላዋ አምጣ አለኝ። ራሱ የመረገውን ጭቃ በራሱ እጅ ቀስ እያለ ላጠው፣ እንጨቱን በእጅጌው ጠረገው። ሁለቱ እንጨቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ የቢላዋውን ጫፍ ሊያስገባ ሞከረ፣ አልገባም። ሌላ ቦታ ሞከረ። አልገባም። ዕድሜውን ሙሉ በጭቃ ስንጥቅ ሲደፍን የኖረ ሰው እዛ ቆሞ ስንጥቅ ፈልጎ አጣ።

«ሚስማር የለውም፣» አለ።

«እሱን እኮ ነው የምልህ።»

«ዝም በል! ሚስማር የለውም እኮ!» ጮኸብኝ። ለምን እኔ ላይ እንደሚጮህ አላወቅሁም። «እና እኔ ይሄን ነው ስድስት ዓመት የደፈንኩት?»

እኔ ስለ እግሬ ልናገር ነበር። ፊቱን አይቼ ተውኩት።

ቅዳሜ ሊቀመንበሩ ባለ ጉጠቱንና የሸንጎውን ሦስት ሰዎች ይዞ መጣ። ሰፈሩ ደግሞ ቦርጩ ሥር ተሰብስቧል፤ የሚስማር ሌባ ሲያዝ ማየት የሚፈልግ ሰው ይሄን ያህል ነው ብዬ አልገመትኩም ነበር። እማዬ ጓዙን በር ላይ ደርድራለች። አባዬ ታጥቦ፣ ካፖርቱን ለብሶ፣ ዲጂኖ፣ መዶሻና ቢላዋ ይዞ ፎቁ ላይ ቆሟል።

«ሚስማሩን ለማን ሸጥክ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ላሳያችሁ፣» አለ አባዬ፣ ወደ ማዕዘኑ ሄደ።

ማዕዘኑ ላይ ግን ችግር ነበር። እማዬ ግድግዳውን ከውስጥ በጋዜጣ ለብጣዋለች፤ ልክ የታጠፈው እንጨት ከቋሚው የሚገናኝበት ቦታ ላይ መድረክ ላይ ቆመው እጃቸውን የሚያነሱ የመንግሥት ትልልቅ ሰዎች ፎቶ አለ። አባዬ ቢላዋውን አነሳ፣ ፎቶውን አየ፣ ሊቀመንበሩን አየ። ሊቀመንበሩ ፎቶውን አየ። ሸንጎው በሙሉ ፎቶውን አየ።

«ይቀደድ?» አለ አባዬ።

«ማን ይቀደድ አለ? እኔ አላልኩም!» አለ ሊቀመንበሩ። «እናንተ ብላችኋል?» ሸንጎው ራሱን ነቀነቀ።

እማዬ ናት የገላገለችን። የፈላ ውሃ ያለበት ድስት አመጣችና ጋዜጣውን በእንፋሎት እያረጠበች፣ ትልልቆቹን ሰዎች አንዳቸውንም ሳትጎዳ፣ እንደ ሽንኩርት ቅርፊት አንስታ አልጋው ላይ አስተኛቻቸው። ይሄ ሁሉ ሲሆን ሊቀመንበሩ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። የአውራ ጣት ያህል መላጣ እንዳለው ያኔ ነው ያየነው።

አባዬ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ ከውጪ በኩል በመዶሻ መታ መታ አደረገና ውታፉን አወጣው። ረጅም ነው፣ ስንዝር ተኩል። ለሊቀመንበሩ ሰጠው።

«ይሄን የሚያክል ሚስማር አይተህ ታውቃለህ?»

ሊቀመንበሩ አገላበጠው። «የእንግሊዝ ሚስማር ይሄን ያህል ይሆናል።»

«ቀዳዳው ውስጥ ዝገት አለ?»

«የእንግሊዝ ሚስማር አይዝግም።»

እኔ ራሴን መቆጣጠር አቃተኝ። «ጓድ ሊቀመንበር፣ እንግሊዝ የማይዝግ ሚስማር ካለው ጭረቱን ለምን ሁለት ሁለት ቦታ ይቆርጠዋል? እዩት፣ እዚህ ዘጠኝ፣ እዚህም ዘጠኝ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ማንም! ለዛ ነው የምናገረው!»

አባዬ በክንዱ ገፋ አደረገኝና የዲጂኖውን ጫፍ ከታጠፈው እንጨት ሥር አስገባ። ተጫነው። እንጨቱ አቃሰተና ሁለት ጣት ያህል ከቋሚው ራቀ። ከጫፉ ምላስ ወጣ። የእውነት ምላስ የመሰለ፣ ጠፍጣፋ፣ ንጹሕ፣ ትናንት የተጠረበ የሚመስል ቀይ የጥድ ምላስ፤ ቋሚው ላይ ደግሞ ልክ እሱን የሚውጥ አፍ አለ። የውታፉ ቀዳዳ ምላሱን መሃል ለመሃል በስቶት ያልፋል።

«ይሄ ውታፍ ቀዳዳ ሊደፍን አይደለም የገባው፣» አለ አባዬ። «ምላሱ ከአፉ እንዳይወጣ ነው። ቤቱ በሙሉ እንዲህ ነው። የነቀልኩት ሚስማር የለም፣ የሚነቀል አልነበረም።»

ሸንጎው ለማየት ተጠጋ። ሊቀመንበሩም ተጠጋ፣ ባለ ጉጠቱም ተጠጋ። ሰባት ሰው አንድ ጥግ ላይ። ወለሉ ጮኸ።

እኛ ለምደነዋል፣ እነሱ ግን አያውቁትም። ሊቀመንበሩ ባዶውን ቀዳዳ አየ፣ በእጁ የያዘውን እንጨት አየ፣ ፊቱ አመድ መሰለ። ቋሚውን በሁለት እጁ አቀፈው።

«መልሰው! ሊወድቅ ነው! መልሰው!»

ሊወድቅ እንዳልሆነ አባዬ ያውቃል። እማዬም ታውቃለች፣ ዓይኗን ወደ ድስቷ መለሰች። አባዬ ግን ዲጂኖውን ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አሳረፈና ተደገፈው።

«ሚስማር ነበረው ወይስ አልነበረውም?»

«አልነበረውም!»

«ታች ያሉት አልሰሙም።»

ሊቀመንበሩ በመስኮቱ አንገቱን አወጣ። «አልነበረውም! ይሄ ቤት ሚስማር ኖሮት አያውቅም! ሰውየው ንጹሕ ነው!» ወለሉ እንደገና ጮኸ። «ፈጽሞ ንጹሕ ነው!» ብሎ ጨመረበት። ከታች የእማማ ድምፅ ተሰማ፦ «አላልኳችሁም? ላሞቹም ያውቁ ነበር!»

ያኔ አባዬ እንጨቱን ገፍቶ ምላሱን ወደ አፉ መለሰ።

ሊቀመንበሩ ይቅርታ አልጠየቀም፣ ለእነሱ ይቅርታ የሚባል ነገር አልተዘጋጀላቸውም። ይልቅ ወደ ካፖርቱ ቦታ ሄደና «ያም ሆኖ ይቺ ትርፍ ናት» አለ። ባለ ጉጠቱ የአባዬን ብቸኛ ሚስማር ነቀላት። ለአዳራሹ ያዋጣናት እሷን ነው። ከዛ ሊቀመንበሩ ክብሩን ለመመለስ ደረቱን ነፍቶ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ፈጠን ብሎ ሲወጣ የእንግሊዙ በር ግንባሩን አለው። ድምፁ መንገድ ድረስ ተሰማ። ያንን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ የወደድኩት ያኔ ነው።

እማዬ ሳህኖቿን መፍታት ጀመረች፣ ትልልቆቹን ሰዎች ደግሞ በሊጥ ቦታቸው ላይ መልሳ ለጠፈቻቸው። አባዬ ውታፉን መትቶ ለመመለስ ታገለ። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ አልገባ አለ። አንዴ መታው፣ ሁለቴ መታው፣ ከዛ መዶሻውን አስቀመጠና ካፖርቱን አወለቀ፤ ሚስማሩ የለም፣ ዙሪያውን ፈለገ፣ ውታፉን አየ። ካፖርቱን እሱ ላይ ሰቀለው። እስከ ዛሬ የሚሰቅለው እዛ ነው፤ ከሩቅ ስታየው አንዱ ትልቅ ሰው መድረኩ ላይ ካፖርት የደረበ ይመስላል፣ ግን እንግዳ ሲመጣ እናነሳዋለን።

በሚቀጥለው መስከረም እኔ በልማዴ ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃ የምረግጥበት ጉድጓድ ወረድኩ። ጭድ የለም። አፈር አልተቆፈረም። አባዬ ከቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ክረምቱ ጭቃውን ጨርሶ ያጠበለትን ግድግዳ ያያል፤ ጥቁሩን ቋሚ፣ ጥቁሩን አግዳሚ፣ ያንን የታጠፈ ጉልበት። እንጨት የተሸከሙት ሴቶች ከእንጦጦ እየወረዱ ነው። አንዷ ገና ከሩቅ ጀመረችው።

«አባባ! የመራጊው ቤት ዘንድሮም አልተመረገም!»

አባዬ ዞር እንኳን አላለም።

«አላየሽም እንዴ?» አለ። «አልቋል እኮ።»